ማርሚታው ከመቀየሩ በፊት

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አዘጋጆች። የጅማ ከተማ ነዋሪ ስሆን፣ በቅርቡ ሮያል ኢንፊልድ ሜቲዎር 350 የተባለውን አዲስ ክሩዘር (ዘና ተብሎ ለረጅም መንገድ የሚነዳ) ሞተር ሳይክል ገዝቻለሁ። በአጠቃላይ ደስ ብሎኛል፤ ሆኖም ሁለት ነገሮች ቅር አሰኝተውኛል። ባለቤቴን ከኋላ አስቀምጬ ወደ ጅሬን ዳገቱን ስወጣ፣ በመመሪያው ላይ የተጻፈውን ጉልበት አላገኘሁትም። ድምፁም ለክሩዘር የሚመጥን አልመሰለኝም፤ የምመኘው እንደ አሜሪካው ሃርሊ የሚያጓራ ድምፅ ነበር። የሰፈራችን መካኒክ የማርሚታውን፣ ማለትም የጭስ ማውጫውን ድምፅ አፋኝ፣ ሆድ (የውስጥ ክፍሉን) አውጥቶ ባዶ ቢያደርገው ሁለቱም እንደሚስተካከሉ ነግሮኛል። አንድ ጓደኛዬ በበኩሉ ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክዳን) እስከ ጫፉ ያለውን የጭስ ቱቦ በሙሉ በውጭ አገር ሥሪት እንድተካው ይመክረኛል። ከሁለቱ የቱን ልከተል?
አ. መ.፣ ከጅማ

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ሁለቱን ቅሬታዎች ለየብቻ መመልከት ገንዘብዎን ያድናል፤ ምክንያቱም የመጀመሪያው ከማርሚታው ጋር ያለው ግንኙነት እጅግ ጥቂት ነው። በመመሪያው ላይ ያነበቡት 20.2 የፈረስ ጉልበት በደቂቃ በ6100 ዙር፣ 27 ኒውተን ሜትር የሆነው የመጠምዘዝ ኃይል ደግሞ በ4000 ዙር የሚገኝ ሲሆን፣ እንዲህ ያሉ አኃዞች የሚወጡት በባሕር ወለል አካባቢ ባለው የአየር ግፊት ታስበው ነው። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1700 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የምትገኝ በመሆኗ፣ ሞተሩ ወደ ውስጥ የሚስበው አየር በግምት ከ15 እስከ 18 በመቶ የሳሳ ነው። ቱርቦ (አየር አጭቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር ደግሞ ጉልበት የሚያጣው አየሩ በሳሳበት መጠን ስለሆነ፣ እርስዎ በእጅዎ ያለው ኃይል ከ17 የፈረስ ጉልበት ብዙም አይርቅም። የሞተሩ ኮምፒውተር የአየሩን ግፊት ለክቶ ነዳጁን ይቀንስለታል፤ የጎደለውን አየር ግን ሊመልስለት አይችልም፤ ማርሚታም አይችልም። 191 ኪሎ በሚመዝን ሞተር ላይ ሁለት ሰው ተቀምጦ ዳገት ሲወጣ መክበዱ ስለዚህ ሊያስደንቅዎ አይገባም። አንድ ማርሽ ቀንሰው ዙሩን 4000 አካባቢ ቢይዙት፣ በማንኛውም ዋጋ ከሚገዙት ቱቦ የበለጠ ለውጥ በዚያው ዕለት ያያሉ።

ማርሚታ መቀየር ኃይል ፈጽሞ አይጨምርም ማለቴ አይደለም። በእንዲህ ዓይነቱ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ላይ የኋላውን ማርሚታ ብቻ መቀየር የሚያስገኘው ጭማሪ ግን በጣም አነስተኛ ነው፤ የሚገኘውም ብዙውን ጊዜ በላይኛው ዙር ላይ ነው፤ ክሩዘር የያዘ ሰው ደግሞ ወደዚያ የሚደርሰው ከስንት አንዴ ነው።

የመካኒኩን ሐሳብ በተመለከተ፣ በጋራዦች አካባቢ ሁለት ተቃራኒ እምነቶች ሲነገሩ ይሰማል። አንደኛው ወገን ጭሱ ምንም ሳያግደው ቢወጣ ሞተሩ ይበረታል ይላል፤ ሌላው ደግሞ ሞተር ከኋላው የሚገፋው ግፊት ካላገኘ ይደክማል ይላል። ሁለቱም ግማሽ እውነት ይዘዋል። የተቃጠለው ጋዝ የሚወጣው እንደ ወንዝ ሳያቋርጥ ሳይሆን ተነጣጥሎ፣ እየተመታ ነው፤ የእርስዎ ሞተር በ4000 ዙር ሲሽከረከር የጭስ ቫልቩ በደቂቃ 2000 ጊዜ፣ ማለትም በሰከንድ 33 ጊዜ ያህል ይከፈታል። ከእያንዳንዱ ምት ኋላ በቱቦው ውስጥ ግፊቱ ዝቅ ያለ ማዕበል ይመለሳል፤ ይህ ማዕበል የአየርና የጭስ ቫልቮቹ ለአጭር ጊዜ አብረው በሚከፈቱበት ቅጽበት ቴስታታው ዘንድ ከደረሰ፣ የተቃጠለውን ጋዝ ጠርጎ አዲሱን አየር ለመሳብ ይረዳል። ማዕበሉ በየትኛው ዙር ላይ በሰዓቱ እንደሚደርስ የሚወስኑት የቱቦው ርዝመት፣ ስፋትና የማርሚታው ውስጣዊ ክፍሎች ናቸው። የሜቲዎር ፒስተን ስፋቱ 72 ሚሊ ሜትር፣ የምልልሱ ርዝመት ግን 85.8 ሚሊ ሜትር መሆኑን ስናይ፣ መሐንዲሶቹ ይህን ሞተር በዝቅተኛና በመካከለኛ ዙር እንዲጎትት አድርገው እንደሠሩት ግልጽ ነው። ሆዱ ሲወጣ ይህ ስሌት ይፈርሳል፤ ቱቦው ከልክ በላይ ሲሰፋም የጋዙ ፍጥነት ይቀንሳል፤ በሁለቱም የሚጎዳው እርስዎ ዳገት የሚወጡበት ዙር ነው። እንግዲህ መካኒኩ ያቀረበልዎ መፍትሔ ያማረሩበትን ችግር የሚያብስ ነው።

ሌላም ጉዳት አለው። በነዳጅ መርጫ የሚሠሩ አዳዲስ ሞተሮች በጭስ ቱቦው ላይ የኦክስጅን መለኪያ፣ በቱቦው ውስጥ ደግሞ እንደ ማር እንጀራ የተቦረቦረ ካታሊስት አላቸው። ካታሊስቱ መርዛማውን ካርቦን ሞኖክሳይድና ያልተቃጠለውን ነዳጅ ወደማይጎዳ ጋዝ የሚለውጥ ክፍል ሲሆን፣ የሚቀመጠው በአንዳንዱ ሥሪት ከፊተኛው ቱቦ፣ በሌላው ከማርሚታው ውስጥ ነው። ሆድ አወጣለሁ የሚል ሰው በቅድሚያ ካታሊስቱ የት እንዳለ አሳይቶ ካልነገረዎ፣ መፍቻውን እንዲያነሳ አይፍቀዱለት። ከወጣ በኋላ ተመልሶ የሚገባ ዕቃ አይደለም፤ ዋስትናውም አብሮ ይሄዳል።

የጓደኛዎ ምክር፣ ማለትም ሙሉ ቱቦውን መቀየር፣ ለውድድር ሞተር ወይም ለትልቅ ባለ ሁለት ሲሊንደር ሞተር ትርጉም ሊኖረው ይችላል። ለእርስዎ ግን ወጪውም ጣጣውም ከጥቅሙ ይበልጣል። ሙሉ ቱቦ ከተቀየረ ኮምፒውተሩ የነዳጁን መጠን እንደገና እንዲማር ወይም በተጨማሪ መሣሪያ እንዲስተካከል ማድረግ ሊያስፈልግ ይችላል፤ የኦክስጅን መለኪያው የሚገባበት ጥርስም በአንዳንዱ ቱቦ ባለ 12፣ በሌላው ባለ 18 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ ሳይገጥም ቢቀር አስማሚ ፍለጋ አዲስ አበባ ድረስ መሄድዎ ነው።

አሁን ወደ ድምፁ እንምጣ፤ በእኔ ግምት እውነተኛው ጥያቄዎ ይህ ነው። የሃርሊን ድምፅ የሚሰጠው ማርሚታው ሳይሆን ሞተሩ ነው። የተለመዱት የሃርሊ ሞተሮች ሁለት ሲሊንደሮች በ45 ዲግሪ ተጋድመው ከአንድ የክራንክ ክንድ ጋር የተያያዙ በመሆናቸው፣ አንዱ ከተኮሰ በኋላ ሌላው የሚተኩሰው ከ315 ዲግሪ፣ ቀጣዩ ደግሞ ከ405 ዲግሪ በኋላ ነው። ያ አንካሳ የሚመስል ምት የሚመጣው ከዚህ እኩል ካልሆነ ክፍተት ነው። የእርስዎ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ግን ሁልጊዜ በየ720 ዲግሪው፣ በእኩል ርቀት ይተኩሳል። በመሆኑም ምንም ዓይነት ማርሚታ ቢገጠምለት ድምፁ ይጎላል፣ ይወፍራል ወይም ይሳሳል እንጂ ወደ ሃርሊ አይለወጥም። ይህን አስቀድሞ ማወቅ ከብዙ ብስጭት ያድናል፤ ደግሞም በዝግታ የሚመታ የአንድ ሲሊንደር ድምፅ የራሱ ግርማ አለው ባይ ነኝ።

ከፍ ያለ ድምፅ ከፈለጉ ደግሞ ምን ያህል ከፍ እንዲል ነው የሚለውን መመለስ ያስፈልጋል። ዴሲቤል እንደ ሌላ መለኪያ በቀጥታ አይጨምርም፤ 3 ዴሲቤል ሲጨመር የድምፁ ኃይል በእጥፍ ያድጋል፤ 10 ዴሲቤል ሲጨመር ደግሞ ለጆሯችን እጥፍ የጎላ ሆኖ ይሰማል። ለመስማት ችሎታ አስጊ ያልሆነው መጠን ለ8 ሰዓት 85 ዴሲቤል ነው ተብሎ በስፋት የሚሠራበት ሲሆን፣ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ በዚህ ስሌት 94 ዴሲቤል ለ1 ሰዓት፣ 100 ዴሲቤል ደግሞ ለ15 ደቂቃ ብቻ ነው። ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጊቤን ወርዶ፣ ወልቂጤን አልፎ የሚሄደውን ይህን መንገድ ቀኑን ሙሉ በባዶ ቱቦ የሄደ ሰው ማታ ጆሮው ሲጮህ ቢያድር የሚገርም አይሆንም፤ በራስ ቁሩ ላይ የሚነፍሰው ነፋስ ብቻውን ብዙ ድምፅ አለውና።

ጎረቤትም አለ። በአገራችን የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ድምፅን የሚመለከት ሲሆን፣ ለመኖሪያ አካባቢ የወጣው ደረጃ ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ሆዱ የወጣ ማርሚታ ሌሊት ሄርማታ ላይ ሲነሳ ጊንጆ ያለ ሰው ይባንናል፤ ለዚህ ደግሞ ሕግ መጥቀስም ባላስፈለገ።

ስለዚህ ምክሬ ይህ ነው፦ የፊተኛውን ቱቦ፣ የኦክስጅን መለኪያውንና ካታሊስቱን እንዳሉ ይተዉአቸው፤ የኋላውን ማርሚታ ብቻ፣ በተለይ ለሜቲዎር 350 ተብሎ በተሠራ ይተኩ፤ ነባሩንም አይሽጡት። ሲመርጡ በመጀመሪያ የሚፈልጉት በአካሉ ላይ የተቀረጸውን ምልክት ነው። በክብ ውስጥ የላቲኑ ኢ ፊደልና አንድ ቁጥር ያለበት ማርሚታ፣ ለምትክ ማርሚታዎች በወጣው የተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 92 መሠረት የተፈተነ መሆኑን የሚያመለክት ነው፤ ቁጥሩ ፈቃዱን የሰጠውን አገር የሚያሳይ ሲሆን፣ ለምሳሌ 1 ጀርመንን፣ 3 ጣሊያንን ያመለክታል። ምልክቱ በወረቀት የተለጠፈ ከሆነ ይጠርጥሩ። ከጫፉ የሚነቀል የድምፅ መቀነሻ ካለው ፈተናውን ያለፈው መቀነሻው ገብቶለት እንደሆነ አይዘንጉ።

ቀጥሎ የብረቱን ዓይነት ይመልከቱ። ጅማ ዝናቧ ከአብዛኞቹ ከተሞቻችን የበረታ በመሆኑ፣ በተራ ብረት ላይ ክሮም የተቀባ ማርሚታ ዝገቱ የሚጀምረው ከውስጥ ነው፤ ነዳጁ ሲቃጠል የሚፈጠረው ውኃ ማርሚታው ውስጥ ይጠራቀማልና። አጭር አጭር ጉዞ፣ ለምሳሌ ከቤት መርካቶ፣ ከመርካቶ ቤት ብቻ የሚሄድ ሞተር ያንን ውኃ ለማትነን በቂ ሙቀት አያገኝም። ከሥር ትንሽ የውኃ መውጫ ቀዳዳ ካለው የፋብሪካ ጉድለት መስሎዎ እንዳያስደፍኑት። 304 የተባለው የማይዝግ ብረት ለዚህ አየር ተመራጭ ነው። ርካሹና ይበልጥ የሚዝገው 409 ነው፤ ሻጩ ሁለቱንም በደፈናው ስቴንለስ ይላቸዋል። ትንሽ ማግኔት ይዘው ይሂዱ፦ 409ኙ አጥብቆ ይስባል፤ 304ቱ ግን፣ ከታጠፈበት ወይም ከተበየደበት አካባቢ በቀር፣ አይስብም ለማለት ይቻላል።

የውስጡን አሠራርም ይጠይቁ። አንዳንዱ ማርሚታ ድምፁን የሚቀንሰው በብረት ክፍልፋዮች ሲሆን፣ ሌላው በተበሳሳ ቱቦ ዙሪያ በተጠቀጠቀ ሙቀት የሚችል ጥጥ መሰል ነገር ነው። ሁለተኛው ድምፁ ወፈር ያለና ደስ የሚል ቢሆንም ጥጡ ከጊዜ በኋላ ተቃጥሎ ያልቃል፤ ያን ጊዜ ጫፉ በቡሎን የታሠረ ከሆነ ተከፍቶ ይሞላል፤ በሪቬት የተመታ ከሆነ ግን መሰርሰር ይጠይቃል። በክፍልፋይ የሚሠራውን ብመርጥልዎ ደስ ይለኛል፤ መለዋወጫ በቀላሉ በማይገኝበት ከተማ ውስጥ ጥገና የማያስፈልገው ይሻላል።

በአካባቢያችን ያሉ በያጆች ጥሩ ሠራተኞች መሆናቸውን ባውቅም፣ ከውኃ ቧንቧ ማርሚታ እንሠራለን ለሚሉ እጅዎን እንዳይሰጡ አደራ እላለሁ። ቧንቧው በዚንክ የተለበጠ ስለሆነ ሲበየድ የሚወጣው ጭስ በያጁን ራሱን ያሳምመዋል፤ ክብደቱም ማንጠልጠያውን ይሰነጥቃል።

የመጀመሪያው ሰርቪስ ሳይደረግ ግን ምንም አይቀይሩ፤ አዲስ ሞተር ላይ ችግር ቢፈጠር ከሞተሩ ይሁን ከማርሚታው መለየት ያስቸግራልና። ሲገጠም ሞተሩ ፍጹም የቀዘቀዘ መሆን አለበት። በመጋጠሚያው ላይ ያለው ጓርኒሲዮን (ጭስ እንዳያፈተልክ የሚያሽገው ቀለበት) አሮጌው ተመልሶ እንዳይገባ፣ አዲስ ይግዙ። ዳዶዎቹና ቡሎኖቹ ሁሉ በመጀመሪያ ላላ ተደርገው ይገባሉ፤ ማርሚታው ሳይወጠር በማንጠልጠያው ላይ ሲያርፍ ከሞተሩ በኩል ተጀምሮ ወደ ኋላ ይጠበቃሉ። ማንጠልጠያውን በጉልበት ስቦ ማሰር በመንቀጥቀጥ ምክንያት የብየዳ ስንጥቅ ያመጣል። ከመነሳቱ በፊት የጣት አሻራውን በአልኮል ይጥረጉ፤ አለበለዚያ በሙቀቱ ተቃጥሎ ብረቱ ላይ ይቀራል። ሞቆ ሲቀዘቅዝ ቡሎኖቹን እንደገና ያጥብቁ። ከጥቂት ቀናት በኋላ በመጋጠሚያው ዙሪያ ጥቁር ጥላሸት ከታየ ጭስ እያፈተለከ ነው፤ ማፍተልከኪያው ከኦክስጅን መለኪያው በፊት ከሆነ ደግሞ የውጭ አየር ገብቶ ኮምፒውተሩን ስለሚያሳስተው፣ ነዳጅ ያለ አግባብ ይጨምራል።

ጥያቄ፦ እኔ የምነዳው 220 ሲሲ የሆነ ባለ ካርቡሬተር (ነዳጅን ከአየር የሚቀላቅል ክፍል ያለው) ክሩዘር ነው። ክፍት ማርሚታ ካስገጠምኩ ወዲህ ከጅማ ወደ አጋሮ ስመለስ፣ ቁልቁለት ላይ ጋዙን (የነዳጅ መስጫ እጀታውን) ስለቅ ማርሚታው ይተኩሳል። መካኒኩ ነዳጅ ስላነሰው ነው፣ ዋናው ጄት (በካርቡሬተሩ ውስጥ ነዳጅ የሚያልፍበት ቀዳዳ) በትልቅ ይቀየር ይላል። ልክ ነው?
ከአጋሮ

መልስ፦ ነዳጅ አንሶታል ማለቱ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ የጠቆመው ክፍል ግን የተሳሳተ ነው። ዋናው ጄት ሥራ የሚይዘው ጋዙ ወደ ሦስት አራተኛ ከተከፈተ ወዲያ ነው፤ ጋዙ ሲለቀቅ ነዳጅ የሚያልፈው በሚኒሞው መስመር (ሞተሩ ጋዝ ሳይሰጠው ሲዞር ነዳጅ በሚያገኝበት መንገድ) ስለሆነ፣ ዋናው ጄት በቁልቁለቱ ተኩስ ውስጥ እጁ የለበትም። ጋዙ ሲዘጋ ድብልቁ ሳስቶ ሳይቃጠል ያልፍና፣ በመጋጠሚያ በኩል ሾልኮ የገባ አየር ሲያገኘው በጋለው ቱቦ ውስጥ ይነዳል። ክፍት ማርሚታ የሚያደርገው ያንን ማጉላት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ መጋጠሚያውን ያስፈትሹ፦ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የሳሙና አረፋ ቀብተው ሲያስነሱት አረፋው የሚፈላበት ቦታ ቀዳዳው ነው። እርሱ ደኅና ከሆነ የሚኒሞው ድብልቅ መቆጣጠሪያ በሩብ ዙር እየተለወጠ ይሞከር። ጄት ስለመቀየር የሚታሰበው ከዚያ በኋላ፣ ካንዴላው (የእሳት ብልጭታ ሰጪው) ታይቶ ነው፤ ጫፉ ቀላል ቡናማ ከሆነ መልካም፣ ነጭ ከሆነ ነዳጅ አንሶታል፣ በጥቁር ጥላሸት ከተሸፈነ ግን በዝቶበታል። ከማርሚታ ጋር ተያይዘው የሚመጡ የጄት መመሪያዎች ብዙውን ጊዜ ለቆላና ለባሕር ዳርቻ አገሮች የተጻፉ ናቸው፤ በእኛ ከፍታ አየሩ በመሳሳቱ ካርቡሬተር ያለው ሞተር ከፋብሪካ እንደወጣ ነዳጅ ወደ መብዛት ስለሚያደላ፣ ክፍት ማርሚታ የሚያመጣውን መሳሳት ከፍታው በከፊል ያካክሰዋል። መመሪያው ያዘዘውን ጄት እንዳለ ያስገባ ሰው ካንዴላው ጠቁሮ፣ ነዳጁ አልቆ ጋራዥ ይመለሳል።

ጥያቄ፦ አዲሱ ማርሚታዬ መከላከያ የለውም፤ እህቴ ከኋላ ስትወርድ ባቷን አቃጠላት። ቱቦውን በሙቀት መከላከያ ጨርቅ ልጠቅልለው ይሆን?
ከጅማ

መልስ፦ አይጠቅልሉት። ጨርቁ የክረምቱን ውኃ ይዞ ስለሚያቆይ ቱቦው ከሥሩ ሳይታይ ይዝጋል፤ ሲዘንብበትና ጭቃ ሲጠጣም ለዓይን አያምርም። በቱቦው ላይ በቀለበት የሚታሰር የብረት መከላከያ ይግጠሙለት፤ በመከላከያውና በቱቦው መካከል አየር የሚያልፍበት ክፍተት መኖሩን ያረጋግጡ፤ ተጣብቆ ከታሰረ ራሱ ይግላል። የተሳፋሪ መርገጫው ከማርሚታው ጋር ያለውን ርቀትም ይመልከቱ፤ ነጠላ ወይም ረጅም ቀሚስ የለበሰች ተሳፋሪ ከሆነች ጫፉ ወደ ቱቦውም ወደ ኋላ ጎማውም እንዳይደርስ ተጠቅልሎ መያዝ አለበት። ዳግም ቃጠሎ ቢደርስ ወዲያውኑ በሚወርድ ቀዝቃዛ ውኃ ለ20 ደቂቃ ያህል ያቀዝቅዙት እንጂ ቅቤም ሆነ የጥርስ ሳሙና አይቀቡት፤ ውኃ ከቋጠረና ከሰፋ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዷት።